«ቪዛሽ ወጥቷል» ሲሉሽ «አልሄድም» ለማለት

ይህ ጽሑፍ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ኳታር ወይም ወደ ዮርዳኖስ በኮንትራት ለቤት ሠራተኛነት ለመሄድ ፕሮሰስ ጀምራ ሐሳቧን ለቀየረች፣ ወይም የቀረበላት ሥራ ስላልጣማት መተው ለፈለገች እህት የተጻፈ ነው። ዓላማው «አትሂጂ» ማለት አይደለም። ኮንትራት ሄደው ቤት የሠሩ፣ ወንድም ያስተማሩ፣ እናት ያሳከሙ ብዙ ናቸው። መሄድ መብትሽ እንደሆነ ሁሉ መቅረትም መብትሽ ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ግን መቅረትሽን በተናገርሽ ቀን ነው። እስከ ትናንት «የኔ እህት» ሲልሽ የነበረው ደላላ ድምፁ ይቀየራል፤ ከኤጀንሲው በላይ በላዩ ይደወላል፤ እናትሽ ዘንድ ሰው ይላካል። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብሽ በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ጫናው ከየት እንደሚመጣ እወቂ

ቀጣሪው ሠራተኛ ለማስመጣት እዚያው አገሩ ላለው ቢሮ፣ እህቶቻችን «መክተብ» ለሚሉት፣ አስቀድሞ ይከፍላል። መክተቡ ለአዲስ አበባው ኤጀንሲ ድርሻውን ይሰጣል፤ ኤጀንሲው ደግሞ ሰው ላመጣለት ደላላ በነፍስ ወከፍ ይቆርጥለታል። ፎቶሽና ሲቪሽ ተልኮ አንዲት ማዳም «ይህቺን እፈልጋለሁ» ካለችበት ሰዓት ጀምሮ በዚህ መስመር ያለው ሁሉ ገንዘቡን በልቡ ቆጥሮታል። አንቺ ስትቀሪ ቀጣሪው «ወይ ሰው አምጡ፣ ወይ ገንዘቤን መልሱ» ይላል። የሜዲካል ውጤትሽም የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ እንደገና ጊዜ ወስደው ሊያባብሉሽ አይመቻቸውም። ለዚህ ነው የሚቸኩሉት፤ ለዚህ ነው የሚጮኹት። ይህን ካወቅሽ ስልኩ ሲጮህ በደል የሠራሽ አይመስልሽም።

ደላላ እንዲህ ሥር የሰደደበት ምክንያትም አለ። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ መሄድን አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት መንገዱን የያዘው ደላላ ነበር፤ እገዳው ከተነሣ በኋላም በየቀበሌው ያለው ትውውቅ አልጠፋም። በሕጉ ሠራተኛ መልምሎ ወደ ውጭ መላክ የሚችለው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው። ስለዚህ የሚጫንሽ ሰው ማን እንደሆነ ለይተሽ ያዢ፦ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ሠራተኛ ነው ወይስ ደላላ? ከደላላ ጋር የሚያስርሽ ሕጋዊ ነገር የለም። «አልሄድም» የሚለው ቃልሽም መድረስ ያለበት ለኤጀንሲው ነው። ለደላላ ብቻ ተናግረሽ ከቀረሽ፣ ለኤጀንሲው «ትመጣለች፣ ትንሽ ጊዜ ስጧት» ብሎ ይነግርልሻል።

የት ደረጃ ላይ እንዳለሽ ለዪ

ስም ማስመዝገብ፣ ሜዲካል መሥራት፣ አሻራ መስጠት ውል አይደለም። የሥራ ውል ካልፈረምሽ የሚያስርሽ የለም፤ ስትተዪው የምትሰጪው ምክንያትም የለም።

ውል ፈርመሽ ከሆነ ቅጂው እጅሽ ላይ መኖሩን እዪ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ መሠረት የሥራ ውሉ በመንግሥት መጽደቅ አለበት፤ ዛሬ ይህን የሚከታተለው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም ብለሽ ጠይቂ። የፈረምሽው «የሆቴል ጽዳት» ተብለሽ ወረቀቱ ላይ ግን «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ከሆነ፣ ወይም ባዶ ወረቀት ላይ ካስፈረሙሽ፣ ወይም አስፈራርተው ካስፈረሙሽ፣ ያ ፊርማ የቆመበት መሬት የላላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1696 በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል።

ውል ጸድቆ፣ ቪዛ ወጥቶ፣ ትኬት ተቆርጦም ቢሆን ማንም አስገድዶ አውሮፕላን ላይ አያወጣሽም። ነገር ግን እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሺ የእውነት የወጣ ወጪ ስላለ ጥያቄ ሊነሣብሽ ይችላል። ስለዚህ ልብሽ ከተመለሰ ቶሎ ተናገሪ። ብዙ እህቶች በይሉኝታ ዝም ብለው እስከ ትኬት ይደርሱና በመጨረሻው ሳምንት ስልካቸውን ያጠፋሉ። ከሁሉ የከፋው መንገድ ይህ ነው፤ ያንቺ ስልክ ሲዘጋ የሚደወለው ለአባትሽ ነው።

ዕድሜሽ 18 ካልሞላ ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግሽም። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ለሥራ እንድትላክ አይፈቅድም። በልደት ሰርተፍኬትሽ ላይ ዓመት ተጨምሮ ከሆነ፣ ያስጨመረው ሰው ነው መፍራት ያለበት።

ከእምቢታው በፊት ወረቀትሽን ውሰጂ

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ፓስፖርትሽ በእነሱ መሳቢያ ውስጥ እያለ «አልሄድም» ካልሽ ፓስፖርቱ መያዣ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በሥራ ሰዓት ሄደሽ «ፓስፖርቴንና ዋና ማስረጃዎቼን ራሴ ጋ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ» በዪ። ውሸት መፍጠር አያስፈልግሽም፤ ያንቺ ስለሆነ መጠየቅ ትችያለሽ። የትምህርት ማስረጃሽን፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀትሽን፣ የልደት ሰርተፍኬትሽንና መታወቂያሽን አትርሺ። ፓስፖርቱ ለቪዛ ኤምባሲ ገብቶ ከሆነ መቼ እንደሚወጣ በጽሑፍ፣ ቢያንስ በቴክስት፣ እንዲነግሩሽ አድርጊ።

«ካልሄድሽ አንሰጥሽም» ካሉሽ አትጣዪ፣ አታልቅሺ፤ ቃሉን ያዢ። ማን እንዳለው፣ በየትኛው ቀን እንዳለው ጻፊ። የሰውን የጉዞ ሰነድ ይዞ ማስገደድ ከቢሮ አሠራር ያለፈ ነገር ነው፤ በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚመለከተው ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን አዋጅ በስሙና በቁጥሩ ጠርተሽ መጠየቅሽ ብቻ ብዙ መሳቢያ ያስከፍታል።

በዚያው ቀን በእጅሽ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሺ፦ የውሉን እያንዳንዱን ገጽ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የፈቃድ ወረቀት፣ በር ላይ ያለውን ታፔላ። ስልክሽ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ እንዳይቀርብሽ በቴሌግራም ለራስሽና ለአንድ ለምታምኚው ሰው ላኪ።

እምቢታውን በአጭሩ ተናገሪ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ትሄጂ እንደሆነ ይህን ያዢ፦ ምክንያት አትስጪ። የሰጠሽው ምክንያት ሁሉ መደራደሪያ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው።

«እናቴ አሟታል» ትያለሽ። «እሺ፣ ሁለት ሳምንት እናራዝምልሽ፤ እንዲያውም ሄደሽ ብታሳክሚያት አይሻልም?»

«ደመወዙ አነሰኝ» ትያለሽ። «ማዳሟን እናናግራለን፤ ትጨምርልሻለች።»

«ሳዑዲ ፈራሁ» ትያለሽ። «ዱባይ እናድርግልሽ።»

ከዚያ ማር የመሰለ የድምፅ መልእክት ይመጣል፦ ማዳሟ ደግ ናት፣ ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ስልክ ትፈቅዳለች፣ ከዚህ ቀደም የነበረችው ኢትዮጵያዊት አልቅሳ ነው የተለየቻት። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን ታገኚዋለሽ፤ አሁን ግን ተጨማሪ ወጪ ወጥቶብሻል።

መልሱ አንድ ነው፤ አይረዝምም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አልሄድም።»

«ሌላ ማዳም ብንፈልግልሽስ?»

«አመሰግናለሁ፤ አልሄድም።»

«እኮ ለምን? ሰው ምክንያት ይኖረዋል።»

«ወስኛለሁ። ደብዳቤዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይቀበሉኝ።»

ይህ ለእኛ ሰው ይከብዳል። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት፣ ምክንያት አለመስጠት ባለጌነት ይመስለናል። በአክብሮት መናገርና ሁሉን መዘርዘር ግን የተለያዩ ናቸው፤ «እርስዎ» እያልሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ ያንኑ ቃል ደጋግመሽ መመለስ ትችያለሽ። የእውነት ደመወዙ ቢጨመር የምትሄጂ ከሆነ ግን «አልሄድም» አትበዪ፤ የምትፈልጊውን ተናገሪና ተደራደሪ። በእምቢታ ስም የሚደረግ ድርድር የሚቀጥለውን እውነተኛ እምቢታሽን ያረክሰዋል።

ብቻሽን አትሂጂ። አብሮሽ የሚሄደው ሰው ቶሎ የማይሸማቀቅ ይሁን፦ ታላቅ እህት፣ አጎት፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት። ከተመላሽ የተሻለ የለም፤ የሚሉትን ሁሉ ሰምታዋለች። ደላላው «ካፌ እንገናኝ»፣ «ማታ ቤት ብቅ በዪ» ቢልሽ እሺ አትበዪ፤ ጉዳዩ የቢሮ ነው፤ በቢሮ ሰዓት ይለቅ።

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ይህን ይመስላል፦

«ለ… የውጭ አገር ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ። እኔ … የፓስፖርት ቁጥሬ … የሆነ፣ በኤጀንሲያችሁ በኩል ወደ … ለሥራ ለመሄድ የጀመርኩትን ሂደት በራሴ ፈቃድ ማቋረጤን አሳውቃለሁ። በእጃችሁ ያሉ ዋና ማስረጃዎቼን እንድትመልሱልኝ፣ ፎቶዬንና መረጃዬንም ለማንኛውም ቀጣሪ መላክ እንድታቆሙ እጠይቃለሁ። ከእኔ የምትጠይቁት ወጪ ካለ ከነደረሰኙ በጽሑፍ አሳውቁኝ። ቀን … ፊርማ …»

በሁለት ቅጂ ጻፊው፤ በአንዱ ላይ ፈርመውና ማኅተም አድርገው እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። አንቀበልም ካሉ የደብዳቤውን ፎቶ በሚያነጋግሩሽ ስልክ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ላኪ፤ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አድርገሽ አስቀምጪ።

«ይህን ሁሉ አውጥተንብሻል» ሲሉሽ

ከእምቢታ በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ወረቀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ፣ «የፕሮሰስ»፣ «የትራንስፖርት»፣ «የቅጣት» የሚል ዝርዝር ነው። ወረቀቱን ተቀበይ፣ ፎቶ አንሺው፣ ምንም አትፈርሚበት። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጠይቂ፦ ገንዘቡ ለማን ተከፈለ? ደረሰኙ የት አለ? በሕጉ የማን ድርሻ ነው?

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ወጪውን ለይቶ አስቀምጦታል። የመድረሻ አገሩ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የሥራ ውል ማጽደቂያ የአገልግሎት ክፍያ የአሠሪው ናቸው። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ወጪዎች የሠራተኛዋ ናቸው። «ሥራ ስላገኘንልሽ» ተብሎ ከሠራተኛ የሚጠየቅ ክፍያ ቦታ የለውም። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም በመርሕ ደረጃ ኤጀንሲ ከሠራተኛ እንዳያስከፍል ይላል።

ስለዚህ ኤጀንሲው የሜዲካልሽን ወይም የፓስፖርትሽን ገንዘብ ከኪሱ ከፍሎልሽ ከሆነና ደረሰኝ ካሳየሽ መልሺለት፤ የድርሻሽ ነው፣ ሐቁን መክፈል ጭቅጭቁንም ያሳጥረዋል። ስትከፍዪ በባንክ ክፈዪ፣ «የሕክምና ምርመራ ተመላሽ» ብለሽ ምክንያቱን ጻፊበት። «ቅጣት» የሚለውን ግን ማን እንደ ቀጣሽ ጠይቂ፤ ቅጣት ደረሰኝ የለውም። የቪዛና የትኬት ወጪ ነው ካሉሽ ደግሞ አንቺና እነሱ በስልክ የምትጨርሱት ጉዳይ አይደለም፤ «በጽሑፍ አቅርቡ፣ ሚኒስቴሩ ይየው» በዪ። ከሁሉ በላይ «ተበድሬአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ያልተበደርሽውን ብድር በፊርማሽ እውነት ታደርጊዋለሽ።

ቤተሰብሽን አስቀድመሽ አዘጋጂ

ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የምትመጣ እህት ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ደላላው ባዕድ አይደለም። የሠፈር ሰው ነው፣ ዕድራችሁ አንድ ነው፣ ወይ የአክስት ባል ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና በፈላበት ይመጣል፣ ሁለተኛዋ ስኒ እስክትደርስ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወራል፣ በሦስተኛዋ ላይ «ልጅሽ እኮ አሳፈረችኝ፤ በእኔ ስም ነው የገባችው» ይላል። እናት የምትፈራው ይህን ቃል ነው። ማታ ከእናትሽ የሚደወልልሽ ስልክ ከኤጀንሲው ስልክ ይልቅ የሚያሸንፍሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለኤጀንሲው ከመናገርሽ በፊት ለእናትና ለአባትሽ ራስሽ ንገሪ፤ ከደላላ አይስሙት። ለእነሱ ምክንያትሽን ሁሉ ዘርዝሪ፤ ይገባቸዋል። ሲመጣባቸው የሚመልሱትን አንድ ዓረፍተ ነገርም ስጫቸው፦ «ልጃችን ወስናለች፤ የቀረ ነገር ካለ ከእሷ ጋር በጽሑፍ ጨርሱ።» ከዚህ በላይ እንዳይሉ አደራ በያቸው።

ዕዳ ካለ ነገሩ ይከብዳል። አባትሽ በሬ ሸጦ፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ለደላላው ሰጥቶ ከሆነ፣ «እምቢ» ማለትሽ ቤት ውስጥ የእህል ጉዳይ ሆኗል። ይህን ቀለል አድርጎ የሚነግርሽን አትመኚ። ሆኖም ለደላላ የተሰጠው ገንዘብ በሕግ የማይገባው ገንዘብ ነውና መልሶ መጠየቅ ይቻላል። ሽማግሌ መላክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ከመጀመሪያው አጥርተሽ ንገሪያቸው፦ የሚዳኙት የአባትሽን ገንዘብና ያንቺን ወረቀት ነው፤ መሄድና መቅረትሽ ለሽምግልና አልቀረበም። ይህ ካልተባለ ሽምግልናው ዞሮ «ለሁለት ዓመት ብትችዪው ምን አለበት» ወደ ማለት ይሄዳል።

ደላላው «አንቺ ካልሄድሽ እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ተኪ» ካለ ደግሞ በፍጹም እሺ አትበዪ። አንቺ ያልወደድሽውን ቤት ለሌላ ሰው ልጅ አትምረጪ። «በቱሪስት ቪዛ ግቢና እዚያ ይስተካከላል» የሚል አማራጭም ይመጣል፤ ያ መንገድ ውል የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም፣ ስትበደዪ ስምሽ የሚገኝበት መዝገብ የለውም።

ማስፈራሪያ

«ጥቁር መዝገብ ውስጥ እናስገባሻለን፣ ዕድሜ ልክሽን ከአገር አትወጪም» ይሉሻል። ፓስፖርት የሚሰጠውም የሚከለክለውም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ ኤጀንሲ ይህ ሥልጣን የለውም። «እንከስሻለን» ካሉ ይክሰሱ፤ ክስ በፍርድ ቤት ይታያል፣ በስልክ አይፈረድም። «ቤትሽን እናውቀዋለን» የሚል ዓይነት ንግግር ከመጣ ግን ወሬ አድርገሽ አትለፊው። የድምፅ መልእክቱን አታጥፊ፣ የስልክ ጥሪዎቹን ዝርዝር ፎቶ አድርጊ፣ ለፖሊስ አመልክቺ።

እዚያ ሆነሽ «አድሺ» ለሚሉሽ

ሁለት ዓመቱን ጨርሰሽ ወደ አገርሽ መግባት ስትፈልጊ መክተቡና ማዳሟ «አንድ ዓመት ጨምሪ» ብለው ከያዙሽም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ውልሽ ከማለቁ ሁለት ወር ቀደም ብለሽ በጽሑፍ መልእክት አሳውቂ። የመመለሻ ትኬትሽ የአሠሪው ነው። በዓረብኛ የተጻፈና የማትረጂው ወረቀት ላይ፣ በተለይም «ደመወዜን ሁሉ ተቀብያለሁ» ሊል የሚችል ወረቀት ላይ፣ ቀሪ ደመወዝሽ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ። አገሩም ይለያያል፦ ኳታር ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ እንዳያስፈልጋት አድርጋለች፤ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ግን ግድ ነው። ከሳዑዲ ኹሩጅ (የመጨረሻ መውጫ ቪዛ) ሳይመታልሽ መውጣት አትችዪም፤ ከከለከሉሽ በሪያድ ላለው ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ላለው ቆንስላ አሳውቂ።

አቤቱታ የት ይቀርባል

በኤጀንሲ ላይ ያለሽን አቤቱታ አዲስ አበባ ላለው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ወይም ለክልልሽ የሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ኤጀንሲ ፈቃድ ሲያወጣ የሠራተኛን መብት ለማስከበሪያ ዋስትና አስይዟል፤ ፈቃዱም ሊታገድ፣ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የሚጮኽብሽ ሰው ከምታስቢው በላይ የሚያጣው ነገር አለው። ደላላ፣ ዛቻ ወይም የተያዘ ፓስፖርት ከሆነ ወደ ፖሊስ ነው። የሕግ ምክር ካስፈለገሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አቤቱታውን ለማቅረብ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግሽም። ስምሽን፣ የኤጀንሲውን ስም፣ የተባልሽውንና ቀኑን በአንድ ገጽ ጻፊ፤ ፎቶዎቹንና የደብዳቤሽን ቅጂ አያይዢ፤ ስታስገቢም የገቢ ቁጥር ተቀበይ።